የስቲዳሞች ጥሪ

ቨርዲ ስቲዳም ወንድሟ ሞቷል ብላ ከወሰነች ሦስት ሳምንት አልፏታል። ወንድሟ ዴልመር ግን አልሞተም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ የእህቱ ልጅ ካርሊን በምትነዳው ፒክአፕ፣ በየቅዳሜው ለሁለት ሰዓት የሙዚቃ ዝግጅት ወደሚቀርብበት ኮዲል አዳራሽ እየሄደ ነበር።

«ዛሬም እንቢ አለች» አለች ካርሊን፣ ዐይኗን ከጠመዝማዛው መንገድ ሳትነቅል። «ሾርባውን አፏ ድረስ ቢያመጡላት በእጇ ገፋችው። ‹ወንድሜን ቀብራችሁ ደብቃችሁኛል፤ መቃብሩን አሳዩኝና እበላለሁ› ነው የምትለው። ከሐሙስ ወዲህ ከውኃ በቀር የቀመሰችው የለም። ጋሼ፣ እማዬ በራብ ልትሞትብኝ ነው።»

ዴልመር ጉሮሮውን በእጁ ያዝ አድርጎ፣ «በእግሬ ሄጄላት የለም እንዴ?» አለ። ድምፁ የደረቀ የበቆሎ ቅጠል ነፋስ ሲያንኮሻኩሸው እንደሚሰማው ነበር።

እውነቱን ነው፤ ሄዶላት ነበር። በብርዱ ወራት ጉሮሮው ውስጥ እጢ ተገኘና ሐኪሞቹ ቆርጠው አወጡለት፤ ከእጢው ጋር ድምፁም አብሮ ሄደ። ቨርዲ ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው። ዐይኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ ከተራራው ማዶ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ አልጋ ላይ ነው የምትውለው። እንዳትደነግጥ ብለው «ጉንፋን ይዞት ነው» አሏት። ጉንፋን ደግሞ አንድ ሳምንት ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ይሄኛው ወር ሞላ፣ ሁለት ወር ሆነ፣ ሦስተኛውን ያዘ። ሞቷል ብላ ማልቀስ ስትጀምር ዴልመርን አላስቻለውም፤ ሄዶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና «እታለም፣ እኔ ነኝ» አላት።

ቨርዲ እጁን ተቀብላ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች። ዴልመር ከታመመ ወዲህ አሥራ አምስት ኪሎ ቀንሷል።

«የወንድሜ እጅ አካፋ ነው» አለች። «ይሄ ማንኪያ ነው። ሹክሹክታ ደግሞ የሁሉም ሰው አንድ ነው። የኔ ልጅ፣ ከየት አምጥተው እንዳስቀመጡህ አላውቅም። ክፉ ሰው አትመስለኝም፤ ግን ውጣልኝ።»

ወጣ። በረንዳው ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ቨርዲ የምታምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የስቲዳሞች ጥሪ። እነሱ ባደጉበት ሸለቆ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ጥሪ አለው። ማለዳ አባወራው በረንዳው ላይ ይወጣና ወደ ተራራው ይጣራል፤ ቃል የለውም፣ ዜማ ብቻ ነው፤ «ደህና አድረናል» ማለት ነው። ከማዶ ያለው ይመልሳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውም እንደዚያው። ያልጠራ ቤት ካለ ቁርስ ሳይቀመስ ሰው ይሄድለታል። ልጆች ስማቸውን መጻፍ ሳይችሉ የየቤቱን ጥሪ ለይተው ያውቃሉ። የስቲዳሞች ጥሪ ከታች ይነሣና ይወጣል፤ ይወጣና ሦስት ቦታ ላይ ይሰበራል፤ ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል።

ዴልመር አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ጎረቤቶቹ በጭነት መኪና ተራራውን ተሻግረው ወደ ኮዲል አዳራሽ ሲሄዱ አብሬ ካልሄድኩ ብሎ አገር አወከ። እናቱ «መንገዱ በረዶ ነው፤ ገደል ብትገቡ ማን ይነግረኛል?» ብላ ከለከለች። ያን ጊዜ ነገሩን የፈታችው ቨርዲ ናት፤ የሃያ ዓመት ኮረዳ ነበረች።

«ስማኝ» አለችው። «አንደኛው ሰዓት ሲያልቅ ቫዮሊኑ ትንፋሽ ይወስዳል። ልክ እዚያ ላይ የቤታችንን ጥሪ ጥራ። ራዲዮው ከአዳራሹ ቀጥታ ነው የሚያስተላልፈው፤ እኔ እሰማሃለሁ። ለእማማ ደርሷል ብዬ እነግራታለሁ።»

ጠራ። ልጆቹ ሳቁበት፤ ሽማግሌዎቹ ግን «ስቲዳም ደርሷል» ተባብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤት ደግሞ ቨርዲ ጆሮዋን በባትሪ በሚሠራው ራዲዮ ላይ ለጥፋ ኖሮ «ደርሷል!» ብላ ጮኸች፤ እናትየዋም ኩራዙን አጥፍታ ተኛች። ከዚያ ወዲህ፣ ከውትድርናው ሁለት ዓመት በቀር፣ እስኪታመም ድረስ የቀረ ቅዳሜ አልነበረም። እናታቸው አረፈች፤ መንገዱ አስፋልት ሆነ፤ ስልክ ገባ። ጥሪው ግን አልቆመም። አንድ ዓመት ሙሉ አባታቸው በተከለው ዛፍ ምክንያት ተጣልተው ሳይነጋገሩ ቆይተዋል። ያን ዓመት እንኳ እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠራል፣ እሷ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሰማለች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ይገላመጣሉ።

ነገሩን ያባሰው እንግዲህ ዋይሊ ኮምብስ ነው። ዋይሊ የበሬ ነጋዴ ነው፤ የዴልመር የልጅነት ጓደኛ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ልቡም እንደዚያው። ቨርዲ በየቅዳሜው ጥሪውን እያጣች መጨነቋን ሲሰማ አንጀቱ አልቻለም። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ማንንም ሳያማክር፣ አንደኛው ሰዓት ሲያልቅ ብድግ ብሎ የስቲዳሞችን ጥሪ ጠራላት። በዚያ ሸለቆ የሌላውን ቤት ጥሪ መጥራት የሌላውን ሰው ሠራሽ ጥርስ በራስ አፍ ውስጥ እንደመክተት ነው። ቨርዲ ጥሪው መጀመሪያ የሚሰበርበትን ስትሰማ ራዲዮውን ከትራሷ ላይ ገፋ አደረገችው።

«አለቀ» አለች። «ሞቷል። ባይሞት ኖሮ ሰው አይተኩለትም ነበር።»

ፒክአፑ አዳራሹ ደጅ ሲቆም ዋይሊ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ይጠብቃቸው ነበር። ዴልመርን ደግፎ አወረደው።

«ወይ ጉድ፣ ቀለልክ!» አለ። «ጥጃ ብትሆን አልገዛህም ነበር።»

«አንተን ደግሞ በኪሎ የሚሸጥህ አጥተን ነው» አለ ዴልመር።

«ምን አልክ? አልሰማሁም።»

ካርሊን ደገመችለት። ዋይሊ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ። «ዛሬም ከአፏ አልገባም?» ሲላት ራሷን ነቀነቀች። «እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ። «ጅል! ትልቅ ጅል።»

«ተወው አሁን» አለ ዴልመር፤ ክንዱን ያዘው።

ገቡ። ኮዲል አዳራሽ ድሮ የትምባሆ ጨረታ ቤት ነበር። ቀን ዝናብ ጥሎ ስለነበር ሳንቃው አልቦት የቅጠሉ ሽታ ከወለሉ ተነሥቷል፤ ጣፋጭም መራራም ነው። ዴልመር ያ ሽታ አፍንጫው ሲገባ ሁልጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቱ ይሆናል። በሸራ የተሸፈነው ጭነት መኪና፣ ኪሱ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለው የተጠበሰ የፖም ቂጣ፣ በር ላይ ዝግጅቱን በገንዘብ የሚደግፈው የዱቄት ኩባንያ ሰዎች የሚያድሉት አበባ የታተመበት ከረጢት፣ ሴቶቹ ዱቄቱን ትተው ቀሚስ ለሚሰፉበት የአበባ ጨርቅ ሲጋፉ፤ ሁሉም ተግተልትሎ ይመጣበታል። ቀድሞ ሙሉ የነበረው አግዳሚ ዛሬ እዚህም እዚያም ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ሆኗል። እዚያ ጋ የኮምብስ አባት ይቀመጥ ነበር፤ ከምሰሶው ሥር እንጨት ሲጠርብ የሚያመሸው ሽማግሌ፤ ከኋላ ደግሞ ጡት እያጠባች በእግሯ ምት የምትይዘው ሴትዮ። አንዳቸውም የሉ፤ እሱ ግን እያንዳንዳቸውን በዐይኑ ሰላም ሳይል አልተቀመጠም።

ቦታው ሦስተኛው ረድፍ ነው። ከአናቱ በላይ ከወራጁ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ ማይክ አለ፤ የተመልካቹን ጭብጨባ ለራዲዮው የሚይዘው እሱ ነው። ወንበሩ ላይ የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት የሚያድለው የካርቶን ማራገቢያ ተቀምጧል።

«ስምህን ጽፈውበታል እንዴ?» አለ ዋይሊ።

«ያንተን ነው የጻፉት፤ በትልቁ» አለ ዴልመር።

አስተዋዋቂው ሎዌል ወረቀቱን ይዞ መጣ። ወጣት አይባልም፤ ግን ለዴልመር ሁሉም ወጣት ነው። «አቶ ስቲዳም፣ በጤና ተመለሱ! ዛሬ ስምዎን ጠርቼ ሰላምታ ላስተላልፍልዎ ነው።»

ዴልመር እጁን አወዛወዘ። ካርሊን ስለ እሱ ተናገረች። «እባክህ እንዳትጠራው። ስሙን ከጠራህ እማዬ ‹ለዚህም ከፈሉት› ነው የምትለው። ራሱ ይጥራ።»

ሎዌል የዴልመርን ጉሮሮ፣ ከአንገትጌው በላይ የሚታየውን ጠባሳ አየ፤ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

«ቆይ ቆይ» አለ ዋይሊ። «ሰው እያጨበጨበ፣ ወለሉን እየረገጠ አንተን ማን ይሰማሃል? እኔ ጎንህ ተቀምጬ ስታነጥስ አልሰማሁህም።»

ዴልመርም ይሄን ነው ሲያስብ የሰነበተው። ቤት ውስጥ ሲሞክር ውሻው እንኳ ጆሮውን አላቆመም።

ዋይሊ ጉልበቱን መታ። «እንግዲያው አያጨበጭቡም» ብሎ ተነሣ።

ከዚያ ያ ግዙፍ ሰውዬ ከወንበር ወንበር እየሄደ ጎንበስ እያለ ማንሾካሾክ ጀመረ። የሱ ሹክሹክታ ደግሞ ከሌላ ሰው ጩኸት አይተናነስም። «ቫዮሊኑ ሲያቆም አንድም ሰው እንዳያጨበጭብ። እንዳታስሉ። ልጁን አባብይው፣ እሜቴ። ለቨርዲ ነው፤ ቨርዲ ስቲዳም፣ አዎ። ማስቲካህን ትፋ አንተ!» ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። ሁሉንም አዳረሰ። ላቡ በጀርባው ወርዶ ሸሚዙን አጣብቆት ተመለሰ።

ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደወሉ ተደወለ። በመስኮቶቹ የበጋው ብርሃን ገና እንደ ቀትር ነበር። አምስቱ ተጫዋቾች እንደ ዱሮው በአንዲት ማይክ ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ ተራው የደረሰው ወደ ውስጥ ይገባል፣ የጨረሰው ወደ ኋላ ይላል፤ ባንጆው ለጊታሩ፣ ጊታሩ ለዘፋኙ ቦታ እየለቀቀ፣ ሳይጋጩ። ቫዮሊኑን የያዘችው ኢሞጂን ናት፤ ፀጉሯ እንደ ጥጥ። ዴልመር መጀመሪያ የመጣ ቀን በዚያች ቦታ ቆሞ የተጫወተው አባቷ ነበር። ጥሎ ስለሄደ ባቡር ዘፈኑ፤ ስለ ከሰል ጉድጓድ ዘፈኑ፤ መዝሙሩ ሲመጣ ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከመድረኩ ጎን በተነጠፈችው ሳንቃ ላይ ባልና ሚስት ሽማግሌዎች፣ ከወገብ በላይ ቀጥ ብለው፣ በጫማቸው ተረከዝ ወለሉን እንደ ከበሮ መቱት። ዴልመር እግሩን ከፍ ዝቅ አደረገ፤ ግን ደቂቃ በደቂቃ ሰዓቱን ያያል። ካርሊን እጁን ያዘችለት።

አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው የመጨረሻው ፈጣን ዜማ ተጀመረ። ኢሞጂን ወደ ሦስተኛው ረድፍ አየች። ደጋኑን አንዴ ረጅም ጎትታ አቆመች።

ማንም አላጨበጨበም።

እንደዚያ ያለ ዝምታ በኮዲል አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም። ማራገቢያዎቹ ቆሙ። የጣሪያው ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው ድምፅ ተሰማ። ራዲዮ ላይ ዝምታ ማለት ጥፋት ነውና ሎዌል ደንግጦ አፉን ከፈተ፤ ኢሞጂን ደጋኗን ደረቱ ላይ አጋድማ አቆመችው።

ዴልመር ተነሣ። አንገቱን ወደ ተንጠለጠለው ማይክ ቀና አድርጎ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። እንደገና አየር ሳበ፤ ጥሪውን ከታች አነሣው። ድምፅ አልነበረም፤ ርጥብ እንጨት የሚቆርጥ መጋዝ የመሰለ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ግን ወጣ። ወጣና አንዴ ተሰበረ፣ ሁለተኛ ተሰበረ፤ ሦስተኛው ላይ ደረቱ ባዶ ሆኖ ሊቀር ሲል እንደምንም ገፋው። ከዚያ ወረደ። ቁጭ አለ።

«አልወጣም» አለ።

ዋይሊ ትከሻውን አቀፈው። ኢሞጂን ደጋኗን አነሣች፤ ሎዌል ላቡን ጠርጎ የዱቄቱን ማስታወቂያ አነበበ፤ የዕረፍቱ ሩብ ሰዓት ተጀመረ።

በዚያ አካባቢ ኔትወርክ ስለሌለ ሞባይል ጌጥ ነው። አዳራሹ ያለው አንድ ስልክ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ ቦሎቄና የበቆሎ ዳቦ ከሚሸጡት ሴቶች ጀርባ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ካርሊን ለመጦሪያው ነርስ ቁጥሩን ሰጥታ፣ ራዲዮውንም እናቷ ጆሮ ሥር እንድትከፍትላት አደራ ብላት ስለነበር ሦስቱም እዚያ ሄደው ቆሙ። ሴቶቹ ጭልፋቸውን አስቀመጡ። አምስት ደቂቃ ሆነ። ሰባት ሆነ። ከውጭ ሰልፉ ረዝሞ «ቦሎቄው የት ደረሰ?» ሲሉ አንዲቱ ዞር ብላ «ታገሡ፣ ሰው ሞቶ እየተነሣ ነው!» አለቻቸው።

«እንሂድ» አለ ዴልመር። ባርኔጣውን አጠለቀ።

ስልኩ ጮኸ።

ካርሊን አነሣችው። ነርሷ አንድ ቃል ሳትጨርስ የቨርዲ ድምፅ ወጥ ቤቱን ሞላው። «ስጡኝ ያን ውሸታም!»

ዴልመር ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

«ዴልመር! እንዳትናገር፤ ዝም ብለህ ስማ። ጉንፋን ነው ያላችሁኝ? ጉንፋን! አባባ በመጨረሻው ዓመት እንዴት ይጠራ እንደነበር ታውቃለህ? አታውቅም፤ ወታደር ቤት ነበርክ። የከሰሉ አቧራ ሳንባውን ጨርሶት ነበር፤ ግን ማለዳ ማለዳ በረንዳው ላይ ወጥቶ ይጠራል። ድምፅ የለው፤ ትንፋሽ ብቻ። ጎረቤት አይሰማውም፤ ላሞቹም አይሰሙትም። እኔ ከውስጥ እሰማው ነበር፤ ሦስት ቦታ ሲሰበር። ያን ትንፋሽ ዛሬ በራዲዮ ሰማሁት። አባባ ሞቷል፤ እጄ ላይ ነው የሞተው። እንግዲህ ከአንተ በቀር ማን ሊሆን ነው?»

ዴልመር ግድግዳውን ተደገፈ። እንባው በጠባሳው ላይ ወረደ።

«ጉሮሮህን ቆርጠውሃል አይደል? አዎ ከሆነ ተንፍስልኝ።»

ተነፈሰ።

«ያን ቀን ያባረርኩት ሰውዬ አንተ ነበርክ?»

ቆየት ብሎ ተነፈሰ።

የቨርዲ ድምፅ አነሰ። «ውይ፣ ወንድሜን! ውይ፣ የኔ ነገር! እጅህ ግን ማንኪያ ሆኗል፤ አልዋሸሁም። ምን እያበሉህ ነው? ልትሞትብኝ ነው?»

ዴልመር ስልኩን ወደ ከንፈሩ አስጠጋ። «አላውቅም፣ እታለም» አለ። «ለዛሬ አለሁ።»

«እንደዚያ በሉኝ! እንደዚያ ብትሉኝ ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። የማላውቀውን ነው የማልችለው።» አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማ። «ያ የበሬ ነጋዴ እዚያ አለ?»

«አለሁ፣ እትዬ ቨርዲ» አለ ዋይሊ፣ እንደ ተማሪ ቆሞ።

«ያንተ ጥሪ የስቲዳም አይደለም። እግሩ አጥር ውስጥ የገባ ጥጃ ነው። ሁለተኛ እንዳይለምድህ።»

«አይለምደኝም፣ እትዬ።»

«ካርሊን፣ ነርሷን እንቁላል ጥበሺልኝ በያት። ሁለት። ሾርባቸውን ለራሳቸው ይጠጡት።» ስልኩ ተዘጋ።

ወጥ ቤቱ በሳቅና በለቅሶ ተደበላለቀ። የሁለተኛው ሰዓት ደወል ተደወለ፤ ሰው ወደ ቦታው መመለስ ጀመረ። ዋይሊ የዴልመርን ክንድ ይዞ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሊወስደው ሲል ዴልመር ቆመ። ራሱን ነቀነቀና በጣቱ ወደ ተራራው አመለከተ።

«አሁን?» አለች ካርሊን። «ሁለተኛውን ሰዓት ትተህ? ትተህ አታውቅም እኮ።»

«ስቲዳም ሁለተኛውን ሰዓት ትቶ ሄደ ብዬ ብናገር ማን ያምነኛል?» አለ ዋይሊ። ያም ሆኖ የፒክአፑን በር የከፈተለት እሱ ነው፤ ከሴቶቹ የወሰደውን በጨርቅ የተጠቀለለ የበቆሎ ዳቦ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። «ለእሷ ነው። እንዳትበላባት።»

ከአዳራሹ ርቀው ዳገቱን ሲጀምሩ ፀሐይዋ ገና ከሸንተረሩ ላይ ነበረች። ካርሊን ራዲዮውን ከፈተችው። ዴልመር ስድሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ውስጡ ተቀምጦ እንጂ ከሩቅ ሰምቶት አያውቅም። ቫዮሊኑ ከዚያች ትንሽ ሣጥን ትንሽ ሆኖ፣ ሞቆ፣ ከሩቅ እንደሚታይ የቤት መብራት ሆኖ መጣ። ወለሉን የሚረግጡት እግሮች ተሰሙ። አንድ ሰው ከፊት አካባቢ በኃይል አሳለ።

«ዋይሊ ነው» አለች ካርሊን።

ዴልመር ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ራዲዮው አስጠጋ።